በእግሩ የሚሄድ ጦር

ጨዋታ ለዕረፍት ብቻ የተፈጠረ ነገር አይደለም። ሰው የቀን ሥራውን ፈጽሞ ለጨዋታ ሲቀመጥ እጁ ቢያርፍ እንኳ ልቡናው አያርፍም፤ ያለውን ይቈጥራል፣ የጎደለውን ይመዝናል፣ የባለጋራውን አሳብ ለማወቅ ይጥራል። ሲያሸንፍ ትዕቢቱ ወይም ጨዋነቱ፣ ሲሸነፍ ትዕግሥቱ ወይም ቍጣው ይገለጻል። ስለዚህ የአንድን ሰው ጠባይ ለመመርመር የፈለገ በሸንጎ ካየው ይልቅ በጨዋታ ላይ ቢያየው ቶሎ ያውቀዋል።

በዚህ ጽሑፋችን ልናወሳ የምንወደው በአንድ የጦርነት ጨዋታ ውስጥ ስላለ፣ ፈረስ ስለሌለው፣ አስማት ስለማያውቅ፣ እግሩም አጭር እርምጃውም ዝግተኛ ስለ ሆነ ሠራዊት ነው። ስሙም የድንኮች ሠራዊት ይባላል። ምናልባት ከአንባቢዎቻችን መካከል «የመንግሥት ሥራ ያለበት ሰው፣ ወይም መምህር፣ ወይም ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ከድንክ ጦር ምን ይማራል?» የሚል አይታጣ ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ጥቂት ነገር ይዞ ብዙ ነገር ካለው ጋር መጋጠም የብዙዎቻችን የዕለት ተዕለት ኑሮ ስለ ሆነ፣ ይህን በብልሃት የሚሠራ ቢገኝ፣ በተረትም ቢሆን፣ አሠራሩን መመልከት አይጎዳም።

«ድንክ» የሚለውን ስም ስንጠራ ቁመቱ አጭር የሆነውን ወገናችንን ለመንካት እንዳልሆነ አስቀድመን እናስታውቃለን። የምንናገርላቸው በተረት የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። ምንጫቸው የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ጥንታዊ ተረት ሲሆን፣ በዚያ ተረት ድንኮች በተራራ ሆድ ውስጥ የሚኖሩ አንጥረኞች ናቸው፤ የነጐድጓድ አምላክ ይባል የነበረውን የቶርን መዶሻ የሠሩት እነርሱ ናቸው ይባላል። እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው «ሆቢት» በተባለው መጽሐፉ ከነረጅም ጢማቸውና ከነእልኸኝነታቸው ለአዲሱ ትውልድ አስተዋወቃቸው። ከዚያ ወዲህ በልብ ወለድ የጦርነት ጨዋታዎች ውስጥ የታወቀ ቦታ አገኙ። በእኛ ሀገር ብረት የሚቀጠቅጠው እጅ ለብዙ ዘመን ሲናቅ መኖሩን የሚያስታውስ ሰው፣ አንጥረኛው የሚከበርበት ተረት መኖሩን ሲሰማ ሳይደነቅ አይቀርም።

እኛ የምንናገርለት ጨዋታ «ቶታል ዋር ዋርሃመር» የሚባለው ነው። ክሪኤቲቭ አሰምብሊ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ሠርቶት እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2016 ለሕዝብ ወጣ። መሠረቱም ጌምስ ወርክሾፕ የተባለ ሌላ የእንግሊዝ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው፣ በጠረጴዛ ላይ በትናንሽ ምስሎች የሚደረግ ጨዋታ ነው። የኮምፒዩተሩ ጨዋታ ሁለት ክፍል አለው። በአንደኛው ክፍል ተጫዋቹ በካርታ ላይ ሀገር ያስተዳድራል፤ ግብር ይሰበስባል፣ ቅጥር ይሠራል፣ ይነግዳል፣ ይዋዋላል፤ ይህም ሁሉ በተራ የሚፈጸም ነው። በሁለተኛው ክፍል ግን ሁለት ሠራዊቶች በሜዳ ሲገናኙ ተራ መጠበቅ ይቀርና ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ። ከሚጋጠሙት ወገኖች አንዱ ጥሩ ፈረሰኞች አሉት፤ ሌላው በቍጥር ብዛት ያጥለቀልቃል፤ ሌላው ደግሞ ሙታንን እያስነሣ ያሰልፋል። ድንኮች ከዚህ ሁሉ አንዱም የላቸውም። ያላቸው ወፍራም ጥሩር፣ ጠንካራ ጋሻ፣ ባለ ቃታ ቀስት፣ ጠመንጃ፣ መድፍ፣ እንዲሁም በቀላሉ የማይደነግጥ ልብ ነው።

ይህን ጨዋታ ያስተዋወቀን ዐሥራ አምስት ዓመት የሆነው የእኅታችን ልጅ ነው። ተወልዶ ያደገው በካዛንቺስ ነው። የዚህ ሰፈር ስም ራሱ ታሪክ አለው፤ ጣልያኖች አዲስ አበባን በያዙበት ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራላቸውን ድርጅት በአጭሩ «ኢንቺስ» ይሉት ስለ ነበር፣ «የኢንቺስ ቤቶች» የሚለው አነጋገራቸው በሕዝባችን አፍ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. የሰፈሩ ብዙ ክፍል ለአዲስ ግንባታ ሲፈርስ የልጁ ቤተ ሰብ ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወረ፤ አብረውት ያደጉትም ልጆች አንዱ በምሥራቅ አንዱ በደቡብ ተበተኑ። ስለዚህ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የሚገናኙት ለሁሉም አማካይ በሆነው በመስቀል አደባባይ ነው። ሰው እንደ ጐርፍ የሚያልፍበት፣ ባቡሩ በአጠገቡ የሚሄድበት፣ በመስከረም 16 ቀን ደመራው የሚለኰስበት ይህ ሰፊ ስፍራ፣ ሰፈራቸውን ለተለዩ ጥቂት ልጆች እንደ ግቢ ሆኖ ያገለግላቸዋል።

ልጁ የድንኮችን አሰላለፍ ያስረዳን በዚያ አደባባይ ደረጃ ላይ ነው። ኮምፒዩተር በሌለበት የለስላሳ ቆርኪዎችን ለቃቅሞ፣ ግማሾቹን በፊታቸው ግማሾቹን በጀርባቸው ገልብጦ፣ ሁለት ሠራዊት አድርጎ ደረደራቸው። የዳማ ተጫዋቾች ከጥንት ጀምሮ በቆርኪ ሲጫወቱ ስላየን ነገሩ እንግዳ አልሆነብንም። «ጋሼ፤ ድንክ አይሮጥም፤ የሚሮጠውን ነው ወደ ራሱ የሚያስመጣው» አለን። ከዚያ በኋላ የነገረንንና እኛም ራሳችን በየምሽቱ እየተጫወትን የመረመርነውን በአምስት ነጥብ ከፍለን እናቀርባለን።

አንደኛው ነገር ቦታ ነው። ዝግተኛ ሠራዊት ውጊያው ከተጀመረ በኋላ ቦታ ሊለውጥ አይችልም፤ ስለዚህ ከመጀመሩ አስቀድሞ መምረጥ አለበት። ኮረብታ ቢገኝ ኮረብታ ይያዛል፤ ከላይ ወደ ታች የሚተኰስ መሣሪያ ሩቅ ያያልና፣ አቀበት የሚወጣ ባለጋራም ይደክማልና። ኮረብታ ቢጠፋ የሜዳውን ማዕዘን ወይም የጫካውን ዳር መደገፍ ያስፈልጋል፤ ጀርባውን ያስጠጋ ሰው በአራት አቅጣጫ የሚጠበቀውን ወደ ሁለት ያሳንሰዋልና። ፈጣኑ ወገን በሜዳው ሁሉ ጌታ ነው፤ ድንኩ ግን በቆመባት መሬት ላይ ጌታ ከሆነ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ነገር ባለጋራን ማስመጣት ነው። ቦታ ይዞ መቀመጥ ብቻ አያሸንፍም፤ ጠላትም እንዲሁ ተቀምጦ ሊመለከት ይችላልና። የመድፍና የድንጋይ ወርዋሪው ጥቅም እዚህ ላይ ይገለጻል። እነዚህ ከሁሉ አርቀው የሚመቱ በመሆናቸው ባለጋራው ከሁለት ነገር አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ወይ በቆመበት ማለቅ፣ ወይ ወደ ኮረብታው መሮጥ። ባለ ፈረሱ በፈረሱ ፍጥነት የፈለገውን የሚያደርግ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ድንኩ በፈለገው ሰዓት፣ ድንኩ ወደ መረጠው ስፍራ እየመጣለት ነው።

ሦስተኛው ነገር የአሰላለፍ ሥርዓት ነው። በፊት ጥሩር የለበሱት እግረኞች ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። ባለ ቃታ ቀስት የያዙት በስተኋላቸው ይሰለፋሉ፤ ቀስታቸው ወደ ላይ ተወርውሮ ከወገን ራስ በላይ ያልፋልና። ጠመንጃ የያዙት ግን በዚያ ስፍራ ሊሆኑ አይገባም፤ ጥይታቸው በቀጥታ ስለሚሄድ ፊት ለፊታቸው የቆመው ወገን ይጋርዳቸዋል። ስለዚህ በጐን በኩል ወይም ከፍ ባለ ዳገት ላይ ይደረጋሉ። ሁሉም መሣሪያ መልካም ነው፤ ሆኖም ከተገቢው ስፍራ ውጭ የተቀመጠ መልካም መሣሪያ ከሌለ አይሻልም። ይህን የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች ከእኛ የበለጠ የሚያውቁት ይመስለናል፤ ዐዋቂ ሠራተኛ በማይመጥነው ወንበር ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን በየቀኑ ያዩታልና።

ረጅም ጢም ስላላቸው ሽማግሌዎችም አንድ ቃል እንጨምር። በድንኮች ሠራዊት ውስጥ ብዙ ጦርነት ያዩ አረጋውያን ለብቻቸው አንድ ጓድ ሆነው ይሰለፋሉ። እነርሱ በአጠገባቸው ሲቆሙ የወጣቶቹ ልብ ይጸናል። ጐበዝ ተጫዋች ሽማግሌዎቹን ከሁሉ ፊት አስቀድሞ አይጨርሳቸውም፤ ወደ ኋላም ወስዶ ከዘበኝነት በቀር ሥራ አያሳጣቸውም፤ ሰልፉ ሊሰበር በሚችልበት በመካከሉ ያቆማቸዋል።

አራተኛው ነገር ጐን መጠበቅ ነው። ሰልፍ ከፊት ቢመታ ይችላል፤ በጐን ወይም በጀርባ ከተመታ ግን በቶሎ ይፈርሳል። ፈረሰኛ ያለው ባለጋራም የሚሻው ይህንኑ ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፣ አንዲት ቀዳዳ ከተገኘች በኋላ የሚገባው የመጀመሪያው ብቻ አይደለም። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ያለውን ሁሉ በፊት ሰልፍ አያውልም፤ ሁለት ወይም ሦስት ጓድ ደጀን ያስቀራል። ጥሩር የማይለብሱ፣ ሞትን የማይፈሩ፣ ግዙፍ አራዊትን ለመግደል የተማሉ ተዋጊዎች አሉት፤ እነዚህንም ጭራቅ የመጣ እንደ ሆነ ይልካቸዋል እንጂ በቀስተኛ ፊት አያቆማቸውም። ሰልፉን የሚያኮራው የፊተኛው ቢሆንም የሚያድነው ደጀኑ ነው።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ነገር አለማሳደድ ነው። ባለጋራው ሲሸሽ ለማየት ያህል ደስ የሚያሰኝ ነገር የለም፤ ወጣት ተጫዋችም ይህን ባየ ጊዜ «ተከተል!» ይላል። ድንኩ ግን ፈረሰኛን ሮጦ አይደርስበትም። ያተረፈው ድካም ብቻ ይሆናል፤ በመካከሉም ሰልፉ ይበታተናል፤ የሸሸውም ዞሮ ይመታዋል። የእኅታችን ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጦርነቶች የተሸነፈው ሁሉ አሸንፎ ካበቃ በኋላ ነበር። የሸሸውን ለመድፍ መተውና በስፍራ መጽናት የተማረው በአራተኛው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለውን አባባል ከአያቱ መቶ ጊዜ ሰምቶታል፤ የገባው ግን የራሱ ሰልፍ ሲፈስስ ባየ ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ የተረት ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ታሪካችን ያንኑ እንደሚያስተምር ላሳየው። በ1888 ዓ.ም. ጄኔራል ባራቲየሪ ከ17,000 በላይ ወታደርና 56 መድፍ ይዞ ሳውሪያ በሚባል ጠንካራ ስፍራ መሽጎ ነበር። በቍጥር እጅግ ከሚበልጠው ከዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ጋር ሲመዘን፣ ጥቂት ሰውና ብዙ መድፍ ያለው፣ ቦታ ይዞ ቢጠብቅ የሚጠቀም እርሱ ነበር። በሁለቱም ወገን ስንቅ እያለቀ ስለ ነበር ነገሩ ማን አስቀድሞ ይቸኩላል የሚል የትዕግሥት ፈተና ሆነ። ከሮማ የሚመጣው ግፊት ሲበረታበት ባራቲየሪ በየካቲት 22 ሌሊት ምሽጉን ለቆ ወጣ። ጦሩን በአራት ክፍል አድርጎ በማያውቀው ተራራማ ሀገር ሲያራምድ፣ የአልበርቶኔ ክፍል የቦታ ስም ተሳስቶ ከሌሎቹ ርቆ ወደ ፊት ሄደ። በየካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ አንድ ሰልፍ መሆን የነበረበት ጦር በየተራ ተመታ። የአባቶቻችን ጀግንነት የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ጀግንነታቸው የሰልፉን መበታተን አይቶ በሰዓቱ የሚመታ ብልሃትም እንደ ነበረው አንርሳ።

ከዚህ አስቀድሞ በታኅሣሥና በጥር ወር መቀሌ ላይ የሆነውም ሊጠቀስ ይገባዋል፤ የምሽግን ድክመት የሚያሳይ ነውና። ሻለቃ ጋሊያኖ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ሆኖ የተሰነዘረበትን ሁሉ መከተ። ምሽጉን ያስለቀቀው ግን እቴጌ ጣይቱ የመከሩት ምክር ነው፤ ምሽጉ ውኃ የሚቀዳበት ምንጭ ተያዘበት። በጨዋታውም ውስጥ ድንክን በቅጥሩ ውስጥ የሚያሸንፈው ቅጥሩን የሚገፋው አይደለም፤ ሳይዋጋ ከብቦ የሚያስርበው ነው። ስለዚህ ቦታ መያዝ ማለት መታጐር ማለት አይደለም። የያዙት ቦታ ውኃና ስንቅ፣ መውጫም በር ያለው መሆን አለበት። የጨዋታው ድንኮች ለዚህ መፍትሔ አላቸው፤ በካርታው ላይ ሌላው ሰው ተራራ ሲዞር እነርሱ ከመሬት በታች በተቈፈረ ጐዳና ይሻገራሉ። የእኅታችን ልጅ ይህን ሲነግረን በእጁ ወደ ታች አመለከተ፤ አደባባዩ በ2013 ዓ.ም. ሲታደስ በሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶ ነበርና «እኛም እኮ በድንኮች ከተማ ላይ ነው የተቀመጥነው» አለ።

እቴጌ ጣይቱን ካነሣን ዘንድ፣ ወደ ሀገራችን የጦር ጨዋታ ማለፍ ተገቢ ይሆናል፤ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ይነገርላቸዋልና። ዛሬ ለመንግሥት ሠራተኛ ሰንጠረዥ ማለት ቍጥር የሚሰፈርበት መስመር ነው፤ ጨዋታውንም የሚያውቀው ሰው ቼዝ ብሎ በውጭ ስሙ ይጠራዋል። ይሁን እንጂ ሰንጠረዥ ከፋርስና ከዓረብ ከመጣው ከጥንቱ ሻትራንጅ የተወለደ፣ በቤተ መንግሥታችን ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረ ጨዋታ ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም የትግሬው ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ ይወዱ እንደ ነበር ያዩአቸው እንግሊዛውያን መስክረዋል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩንና ሥርዓቱን ሰብስበው ባይጽፉልን ኖሮ፣ ከኢጣልያ ወረራ ወዲህ እየጠፋ የሄደው ይህ ጨዋታ ከነስሙ በተረሳ ነበር።

ገበታው 64 ቤት ያለው፣ በጥቍር ወይም በሰማያዊ መስመር የተከፈለ ቀይ ጨርቅ ነው፤ ቤቶቹ እንደ ዛሬው ቼዝ በሁለት ቀለም አይለዩም። በየወገኑ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ ይሰለፋሉ። ደር በቀጥታ መንገድ ርቆ የሚሄድ ኀይለኛ ነው። ፈርዝ በአግድመት አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል በአግድመት ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል፤ በዚህ ዝላዩ ዕድሜውን ሁሉ ሊረግጥ የሚችለው ከ64ቱ ቤቶች ስምንቱን ብቻ ነው። መደቅ ደግሞ ወደ ፊት አንድ፣ ሁልጊዜም አንድ ብቻ ይሄዳል፤ በዛሬው ቼዝ እንደሚደረገው መጀመሪያ ሲነሣ እንኳ ሁለት ቤት አይራመድም። ወደ ኋላም አይመለስም። ይህ መደቅ የእኛ ድንክ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የጨዋታው አጀማመር ነው። ስሙ ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪማረክ ድረስ ተራ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች እንደ ፈለጉ፣ በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ሁለት ጊዜ ሲያነሣ ሌላው አምስት ጊዜ ሊያነሣ ይችላል። እንግዲህ በዛሬው ኮምፒዩተር እንደ አዲስ ነገር የሚታየው ያለ ተራ መዋጋት፣ ከብዙ ዘመን በፊት በቀይ ጨርቅ ላይ ይደረግ ነበር። በወረራ ጊዜ ፈጣን እጅ ያለው የሚጠቀም ይመስላል፤ ነገር ግን የባለጋራውን አሰላለፍ ሳይመለከት የሮጠ፣ ባለጋራው ያጠመደለትን ስፍራ ራሱ ሄዶ ይሞላዋል። ዝግተኛው በዚያ ጊዜ መደቆቹን በአግድመት አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ አድርጎ ይሰናሰላቸዋል፤ መደቅ የሚማርከው በአግድመት ስለ ሆነ የተያያዘውን መደቅ የሚነካ ሁሉ ዋጋ ይከፍላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት በሰንጠረዥ ላይ ይህ ነው።

የአሸናፊነት ክብርም በዚያ ዘመን እንደ ዛሬው አልነበረም። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ መግደል እንደ ዝቅተኛ ድል ይቈጠር ነበር፤ ኀይለኛ በኀይሉ ቢያሸንፍ ምን ያስደንቃል? በፊልና በፈርዝ የገደለ ይመሰገናል። በመደቅ የገደለ ግን ከሁሉ በላይ ይወደሳል። ሊቃውንቱ ይህን ሥርዓት ያወጡት ለውበት ብቻ አይመስለንም። ታናሹን እስከ መጨረሻ ጠብቆ ማቆየት፣ ለእርሱ መንገድ መጥረግ፣ በኋላም ዋናውን ሥራ በእርሱ ማስፈጸም ከአዛዡ ብዙ ዕውቀት የሚጠይቅ ስለ ሆነ ነው። የድንኮችን ጦር የሚመራ ወጣት ይህን የአባቶቹን ሥርዓት ቢያውቅ፣ የሚጫወተው ከውጭ የመጣ ተረት ቢሆንም የሚያስበው በሀገሩ አሳብ መሆኑን ይረዳ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ጨዋታዎች ይስማማሉ። የሚለያዩበት ግን አንድ ታላቅ ነገር አለ፤ እርሱም ቂም ነው። ድንኮች የቂም መዝገብ የሚባል መጽሐፍ አላቸው። በደል በደረሰባቸው ቍጥር በዚያ መዝገብ ይጻፋል፤ ተጫዋቹም የተጻፈውን መበቀል ይጠበቅበታል። ያልተበቀሉት ቂም ሲበዛ ሕዝባቸው ይታወካል። ከዚህ የተነሣ ጀማሪ ተጫዋች የቂሙ መጽሐፍ ወደሚመራው ሁሉ ሠራዊቱን እየላከ ሩቅ ሀገር ይዋጋል፤ በዚያ ሲዋጋ ቤቱ ይወረርበታል። የለመደው ግን በቅርብ ያለውንና ለመንግሥቱ የሚጠቅመውን ቂም ብቻ መርጦ ይወጣል፤ ሌላውን ጊዜ ይሰጠዋል።

የእኅታችን ልጅ ይህንኑ አይቶ በአንድ ደብተር ላይ የራሱን የቂም መዝገብ ጽፎ አሳየን። የጠላት ስም አላገኘንበትም። የተጻፈው ኳስ ይጫወቱበት የነበረው ግድግዳ፣ ማታ ማታ ዳቦ የሚገዙበት ሱቅ፣ ለአያቱ ቡና የሚጠሩ የጎረቤት እናቶች፣ አድራሻቸው የጠፋ የሁለት ጓደኞቹ ስም ነበር። ካነበብን በኋላ «ጋሼ፤ የፈረሰ ሰፈር ቂሙ በማን ላይ ይጻፋል?» ብሎ ጠየቀን። ከተማ ሁልጊዜ እንደሚታደስ፣ አዲሱ መንገድም ለብዙ ሰው እንደሚጠቅም ልንነግረው እንችል ነበር፤ እርሱም ያውቀዋል። የጠየቀን ግን ስለ መንገድ አልነበረም። ለጊዜው ዝም አልን።

ቆይተን የነገርነው የሰንጠረዥን ሕግ ነው። በሰንጠረዥ ሁሉ ነገር ተማርኮበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይገደልም፤ ጨዋታው ያለ አሸናፊ ይፈጸማል። አባቶቻችን ሁሉ ባጣ ሰው ላይ ድል መንሣትን ድል አላሉትም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ያሉትም እነርሱ ናቸው። «ደብተሩን አትጣለው፤ ስሙን ግን ለውጠው» አልነው። ግድግዳውና ሱቁ ለቂም አይሆኑም፤ ለመታሰቢያ ግን ይሆናሉ። አድራሻቸው የጠፋውን ሁለቱን ልጆች ደግሞ መፈለግ ይቻላል። ሰልፉ የተበታተነበት ተጫዋች የመጀመሪያ ሥራው የሸሸውን ማሳደድ ሳይሆን የራሱን ወገን መሰብሰብ መሆኑን ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቃል። ከሁለቱ አንዱ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተገኘ፤ ሁለተኛው ገና ነው።

አሁን ወደ መምህራንና ወደ ተማሪዎች አንድ አሳብ አቅርበን ጽሑፋችንን እንፈጽማለን። ሰንጠረዥን መልሶ ለማስተማር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ቁራጭ ቀይ ጨርቅ፣ ጥቍር ክርና 32 ቆርኪ ይበቃሉ፤ በቆርኪዎቹም ላይ የየጠጠሩን ስም መጻፍ ይቻላል። ዋጋው ይህን ያህል ከሆነ አንድ የትምህርት ቤት ማኅበር በአንድ ቀን አሰናድቶ በሚቀጥለው ቀን ወረራ ሊጀምር ይችላል። ልጆቻችን የውጭውን ጨዋታ ይተዉ የሚል አሳብ የለንም። የድንኮችን ሰልፍ የሚያውቅ ልጅ የመደቅን አካሄድ ለመማር አንድ ምሽት አይፈጅበትም፤ የመደቅን ክብር የተማረም ልጅ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲመለስ የተሻለ አዛዥ ይሆናል።

ፈረስ የሌለው ሰው ፈረስ ባለመኖሩ ሲያዝን ቢውል ፈረስ አያገኝም። በእግሩ የሚሄድ መሆኑን ዐውቆ ቦታውን ቢመርጥ፣ መሣሪያውን በየስፍራው ቢያኖር፣ ጐኑን ቢጠብቅ፣ የሸሸውን ባያሳድድ፣ ታናሹንም እስከ መጨረሻ ቢያቆየው ግን ከፈረሰኛ ጋር መጋጠም አያስፈራውም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን፣ እንቁላሉ መቼ እንደሚደርስ ቀን አልቈረጡለትም፤ መንገድ ላይ እንዳይሰበር የሚጠብቀው ሰው እንዲኖር ግን ይፈልጉ ነበር።